የግራ እጅ ስፌት

ባለፈው ቅዳሜ ለመጋረጃ የሚሆን ጨርቅ ፍለጋ ከፀዳ ተሳፍሬ ጎንደር አራዳ ወጣሁ። ልጄ «እማዬ፣ ተሰፍቶ ያለቀውን እኮ በስልክ አዝዤ በር ድረስ አስመጣልሽ ነበር» ትለኛለች፤ እኔ ግን ጨርቅ በእጄ ሳልዳስስ መግዛት አይሆንልኝም። ባለሱቁ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ጣቃ አቡጀዴ አወረደና ጫፉን በመቀስ ነካ አድርጎ፣ በሁለት እጁ ይዞ ጥርርር አድርጎ ሲቀደው ያ ሽታ መጣ። አቡጀዴ ደግሞ ምን ሽታ አለው የሚል ሰው ይኖራል። አለው። አጥሚት በርዶ ዕቃው ላይ ሲደርቅ እንደሚሸተው ያለ፣ ከላዩ አቧራና የሣጥን እንጨት የተቀላቀለበት ሽታ ነው። መደርደሪያውን ያዝ አድርጌ ቆምኩ። ባለሱቁ ደንግጦ ወንበር አቀረበልኝ። «እማማ፣ ምነው? ውኃ ላምጣልዎ?» አለኝ። «ደኅና ነኝ ልጄ፣ ደረጃው አድክሞኝ ነው» አልኩት። አንድም ደረጃ አልወጣሁም ነበር።

ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ወደ ልጅነቴ ቤት ተመለስኩ። ቤታችን ከፒያሳ ቁልቁል ወረድ ብሎ፣ ጣሊያን ከሠራቸው ቢጫ ቤቶች ጀርባ ነበር፤ ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ። በረንዳው ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይሞላዋል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጉሙ ከተራራው ወርዶ እግራችን ሥር ይተኛል። ከታች በኩል ካለው ጠጅ ቤት ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ይሰማል። አንዲት ዘፋኝ ስለ አንድ ሹፌር የምትዘፍነው ዘፈን ነበር፤ ዜማውን ዛሬም ድስት ሳጥብ አንጎራጉረዋለሁ፣ ግጥሙ ግን ግማሹ ጠፍቶኛል። ዘመኑ የንጉሡ ማብቂያ ነው ወይስ የወታደሮቹ መጀመሪያ ብትሉኝ ይምታታብኛል። የደኅና ሰው ልጆች ከአስመራ የመጣ ክሬፕ፣ የኛ ቢጤዎቹ ፖፕሊን፣ ከላይ አርማጭሆና ከደምቢያ ለትምህርት የመጡት አቡጀዴ ይለብሱ እንደነበር አይምታታብኝም። ከልብሱ ቀድሞ ከየት እንደመጣሽ የሚናገር አልነበረም። ዛሬ ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ ሳይ ማን የማን ልጅ እንደሆነ መለየት ያቅተኛል።

እናታችን ባፈና ትባላለች፤ እኔና እህቴ ግን እናና ነበር የምንላት። አባባ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ጸሐፊ ነበር፤ ዝምተኛ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ቤት ሲገባ እንግዳ የሚመስል ሰው። ቤቱ የእናና ነበር። እናና ልጅ ሆና እናት አባት ሞተውባት በአንድ የባላባት ቤት ከሠራተኞች ጋር ነው ያደገችው። የባላባቱ ሚስት መርፌ አያያዝ አስተማረቻት፤ ከዚያ ወዲያ በመርፌዋ ተከብራ ኖረች። የእሷን ጥልፍ የለበሰች ሙሽራ በከተማው ሁሉ ይወራላት ነበር። በረንዳው ላይ የሰፈር ልጃገረዶችን ሰብስባ ስፌት ታስተምራለች። ጀማሪዎቹ በአቡጀዴ ቅዳጅ ላይ ይለማመዳሉ፤ መጀመሪያ ቀጥ ያለ ስፌት፣ ቀጥሎ ቅምቅማት፣ ከዚያ የቁልፍ ቀዳዳ፣ መጨረሻ ጥልፍ። ማንኛዋም ልጅ ስትሳሳት እናና አትቆጣም። ጨርቁን ትቀበልና በምላጭ ፈታ አድርጋ «እንደገና» ብላ ትመልስላታለች። ልጆቹ ይህን ቃል ከዱላ የበለጠ ይፈሩት ነበር።

እህቴ ማንጠግቦሽ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። ረዥም፣ ጠይም፣ ስትስቅ አፏን የምትሸፍን ልጅ ነበረች። ግራኝ ናት። ከተወለደች ጀምሮ ግራ እጇ ይቀድማል፤ ኳስም ብትወረውር፣ ሽንኩርትም ብትከትፍ፣ ፀጉሬን ብትሠራኝም በግራ ነው። አሁን ያለሁበት ሰፈር ግራኝ ልጅ ያላት ጎረቤት አለችኝ፤ ልጇ በግራዋ ስትጽፍ በስልክ ቀርጻ ለዘመድ ትልካለች። ያኔ እንዲህ አልነበረም። ለእናና ደግሞ ነገሩ ከነውርም በላይ ነበር። የሰው ልጆች መርፌ አያያዝ ሊማሩ ከየሰፈሩ ወደ እሷ ሲመጡ የራሷ ልጅ በግራዋ ትወጋለች። «አማትሽ በግራ እጅሽ ወጥ ስታወጪ ብታይ አንቺን አይደለም የምትጠራው፣ እኔን ነው» ትላታለች። «ያለ እናት ያደገች ናት፣ ምን ታስተምራት ይሉኛል።»

መጀመሪያ መከረች። ቀጥላ ጣቷን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ ማድረግ ጀመረች። ይህም ሳይሆን ሲቀር አንድ ቀን ጠዋት የራሷን መቀነት ከወገቧ ፈትታ የማንጠግቦሽን ግራ እጅ ከጀርባዋ ጋር አሰረችው። ክፉኛ አላጠበቀችውም፤ ደም እንዳይቆም እየተጠነቀቀች፣ ጥልፍ የምትጠልፍ ያህል ቀስ ብላ ነው ያሰረችው። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን አስቀምጣ፣ ራሷ መቀነቱን ከተሰቀለበት ሚስማር አውርዳ ለእናና ታቀብላትና ጀርባዋን ትሰጣለች። ሰፍታ፣ ሽሮ ሠርታ፣ ዕቃ አጥባ፣ እራት ሲቀርብ ነው የምትፈታው። በረንዳው ላይ ያሉት ልጃገረዶች መጀመሪያ ሰሞን ይሳሳቁ ነበር። ቆይተው ለመዱት። እኛም ለመድነው። አባባ በበሩ ሲገባ አይቶ እንዳላየ ባርኔጣውን ይሰቅላል።

ለፋሲካ አባባ አለቃውን ከነባለቤቱ ምሳ ጠራ። እናና ዶሮውን ማንጠግቦሽ እንድትሠራው ወሰነች። ሽንኩርቱን ከጠዋት ጀምሮ ከሰል ምድጃ ላይ ሲያቁላሉት ዋሉ፤ እኔ ውኃ አቀብላለሁ፣ እናና ቅመሙን ትመጥናለች፣ ማንጠግቦሽ በቀኟ ታማስላለች። ግራዋ እንደታሰረ ነው። ወጡ ደርሶ ቅቤው ላዩ ላይ ሲንሳፈፍ እናና ቀምሳ ራሷን ነቀነቀች። ደስ ብሏት ነበር፤ ከፊቷ ይታወቃል።

«በይ አውርጂው» አለቻት።

«እናና፣ ድስቱ ከባድ ነው። ለዚህ ብቻ እጄን ፍቺልኝ» አለች ማንጠግቦሽ።

«አንዱን ጆሮ በጨርቅ ያዥው፣ ከወገብሽ አስደግፈሽ ታወርጂዋለሽ። አማትሽ ቤት ማን ይፈታልሻል?»

ማንጠግቦሽ ጨርቅ ጠቅልላ አነሣችው። ድስቱ አጋደለ፤ የፈላው ወጥ ከጭኗ እስከ እግሯ ወረደ። ጩኸቷን ዛሬም አልረሳውም፤ ከዚያ ጩኸት በላይ ግን የእናና ቃል ነው ጆሮዬ ላይ የቀረው። «ወጡን!» ነው ያለችው። ሮጣ መጀመሪያ ድስቱን ነው ያቀናችው። ከዚያ ነው ወደ ልጇ የዞረችው። አባባ ከመኝታ ክፍል ሮጦ መጣና ከማንጠግቦሽ ኋላ ተንበርክኮ መቀነቱን ሊፈታ ሞከረ፤ ቋጠሮው አልፈታ አለው፣ በመጨረሻ በጥርሱ ነው የፈታው። እናና የእንቁላል ነጭ ቀባቻት፣ ማር ቀባቻት፣ በንጹሕ ሻሽ ጠቀለለቻት፤ በሥርዓት። ኋላ ነርስ ሆኜ በሆስፒታል ስንት ቃጠሎ አየሁ፤ ያን ጊዜ የያዘችውን ያህል በእርጋታ ቃጠሎ የሚይዝ እጅ አላየሁም።

እንግዶቹ መጡ። ከድስቱ የተረፈው ወጥ ቀረበ። የአለቃው ባለቤት ጣቷን እየላሰች «እትዬ ባፈና፣ እጅዎን ቁርጥማት አይንካው» አለቻት። እናናም ቀና ብላ «የኔ እጅ አይደለም፤ ልጄ ማንጠግቦሽ ናት የሠራችው» አለች። «ታዲያ የት አለች? እንሳማት እንጂ!» ሲሉ «እንግዳ ታፍራለች» አለች። ማንጠግቦሽ ከመጋረጃው ኋላ አልጋ ላይ ሆና የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ነበር። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ በሻሽ አራግብላታለሁ። የእንግዶቹን ሳቅና የእናናን ሙገሳ አብረን ሰማን።

ቁስሉ ሲድን መቀነቱ ተመለሰ።

በቀጣዩ ዓመት ጥምቀት ሲቃረብ እናና ለሁለታችንም ፖፕሊን ገዛች፤ ሰማያዊ፣ ትንንሽ ነጭ አበባ ያለበት። ጎንደር ላይ ለጥምቀት አዲስ ቀሚስ ለአንዲት ልጃገረድ ምን ማለት እንደሆነ ዛሬ ለልጅ ልጆቼ ማስረዳት አልችልም፤ እነሱ በየሳምንቱ አዲስ ይለብሳሉ። የኔን እናና ሰፋችልኝ። ለማንጠግቦሽ ግን «ያንቺን ራስሽ ትሰፊዋለሽ። አምሮ ካየሁት ከዚያ በኋላ አላስርሽም» አለቻት። ይህን ስትል ድምፅዋ ለስልሶ ነበር። እሷም የደከማት ይመስለኛል።

ማንጠግቦሽ በረንዳው ላይ በቀኟ ትጀምርና ጨርቁን በጉያዋ ይዛ ጎረቤታችን ወደነበሩት ፈታይ ባልቴት ቤት ትሄዳለች። ለእናና «ጥጥ ላባዝትላቸው ነው» ትላታለች። እዚያ በግራዋ ትሰፋለች። እኔ አውቅ ነበር፤ ትንፍሽ አላልኩም። ባልቴቷም አልተናገሩም። ቀሚሱ ሲያልቅ እንዴት ያለ ቀሚስ ሆነ መሰላችሁ! ወገቡ ላይ የተሰበሰበው፣ የእጅጌው ጫፍ፣ የአንገቱ ዙሪያ ጥልፍ፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እጅ ነው የሚል አልነበረም። እናና ዘርግታ ስታየው ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሸጋ ነው። አሁን ገና እጅሽ ተፈታ፣ የኔ ልጅ» አለችና ግንባሯን ሳመቻት። ስትስማት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። መቀነቱን ከሚስማሩ አውርዳ መልሳ የራሷ ወገብ ላይ አሰረችው።

በማግሥቱ፣ የከተራ ዋዜማ ነው፣ ተማሪዎቿ ሲሰበሰቡ ቀሚሱን ልታሳያቸው ወደ በረንዳው ይዛው ወጣች። ፊቱን አሳየቻቸው። ልጆቹ አጨበጨቡ። ቅምቅማቱን ልታሳያቸው ብላ ገለበጠችው። በዚያ በጠዋት ፀሐይ ላይ ጨርቁን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። በቀኝ እጅ የሚቀመቅም ሰው ክሩ ወደ አንድ በኩል ያጋድላል፤ በግራ ሲሆን ወደ ሌላው። ይህን የሚያውቅ ሰው ብዙ አይደለም። እናና ታውቃለች።

«ማንጠግቦሽ፣ ነይ እስቲ» አለች። መጣች። «ይኼን በየትኛው እጅሽ ሰፋሽው?»

እህቴ መዋሸት ትችል ነበር። ሁላችንንም አየችንና «በእጄ ነው የሰፋሁት፣ እናና» አለች።

እናና አልተቆጣችም። ጎኗ ያለውን ምላጭ አነሣችና ከቅምቅማቱ ጀምራ መፍታት ጀመረች። ቀጥላ እጅጌውን። ከዚያ የአንገቱን ጥልፍ፣ ክር በክር። ልጆቹ መርፌያቸውን ይዘው ደርቀው ቀሩ። አንደኛዋ ማልቀስ ጀመረች፤ ማንጠግቦሽ አይደለችም። ማንጠግቦሽ ቆማ እስከ መጨረሻው አየች። ቀሚሱ እንደገና ቅዳጅ ጨርቅ ሆነ። እናና አጣጥፋ ሰጠቻትና «እንደገና» አለቻት።

የጥምቀት ዕለት እኔ ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ ከአባባ ጋር ወጣሁ። እናና ከቤት ቀረች። እድሜ ልኳን ጥምቀት ቀርታ የማታውቅ ሴት ማንጠግቦሽን ልትጠብቅ ከቤት ቀረች። ዝማሬው፣ ከበሮው፣ የልጃገረዶቹ ጭፈራ በደጃችን ሲያልፍ ሁለቱ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አንዷ እጇን ታስራ ትሰፋለች፣ አንዷ እያየች። እኔ በሰው መካከል ሆኜ ዞር ብዬ አየኋቸው። ቀና አላሉም። ማታ ስንመለስ ቀሚሱ ግማሽ ድረስ ተሰፍቷል፤ ስፌቱ ዘሟል፣ ነጫጮቹ አበቦች ላይ ደም ነጠብጥቦባቸዋል። እናና ለአባባ አሳየችውና «አየህ? ይቻላል» አለችው። አባባ ነጠላውን እንደተከናነበ ወጥቶ ሄደ፤ ጠጅ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ያየነው ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ እዚያው ሆነ።

ማንጠግቦሽ ከዚያ ወዲያ በቀኟ ሰፋች። ክፉ ስፌት ነበር፤ እናና ግን በቃኝ አለች፣ መቀነቱም ሁለተኛ አልታሰረም። እህቴ ከእናና ጋር መነጋገሯን አላቆመችም፤ «እሺ» ትላለች፣ «ምን ልሥራ» ትላለች፣ ከዚያ ሌላ ግን አንድ ነገር አትጨምርም። ስትስቅም አላየኋትም።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ ከቆላ ድባ ሽማግሌ መጣ። አማቷ የሚሆኑት አያ ሙጨ ሰፊ መሬት ያላቸው ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸው ደሳለኝ መምህር ነው፣ ጨዋ ሰው። ማንጠግቦሽን «ምን ትያለሽ?» ሲሏት «መቼ ነው የምሄደው?» ነው ያለችው። ሠርጉ ደመቀ። የእናናን ጉልበት እንደ ደንቡ ስማ ወጣች፤ እናና ስታለቅስ እሷ ማኪናው ላይ ወጥታ ፊት ለፊት ታይ ነበር። ኋላ ልጠይቃት ስሄድ አማቷን እትዬ የኋላሸትን አየኋቸው፤ ድምፃቸው የሚያስገመግም፣ ጨዋታ የሚወዱ ሴት። ማንጠግቦሽ ጓዳ በግራዋ ታማስላለች። እኔ ደንግጬ ሳያቸው ሳቁብኝ። «ምነው ልጄ? ወጡ ይጣፍጥ እንጂ እኔ እጇን አልበላው» አሉኝ። ውጭ ወጥቼ ከእንሥራው ጎን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያን ያህል ቀላል ነበር ነገሩ።

የመጀመሪያ ልጇ ሴት ሆነች። ክርስትናዋ ሲደርስ እናና ለሕፃኗ ቀሚስ ልትሰፋ ተቀመጠች። ዓይኗ መድከም ጀምሯል፤ ክር የማስገባላት እኔ ነኝ። ከባላባቱ ቤት ጀምሮ ሣጥኗ ውስጥ ያስቀመጠችው ቀጭን ሐር ነበራት፤ ለማንም ሙሽራ አውጥታው አታውቅም። በእሱ ነው የጠለፈችው። ተማሪዎቿን አሰናበተች፣ ምግብ ረሳች፣ ሙሉ ክረምቱን በዚያች እጅ በማታክል ቀሚስ ላይ ተደፍታ ከረመች። «ትወደው ይሆን?» ትለኛለች መሐል ላይ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአፏ ሰምቼ አላውቅም።

በአቧራማው መንገድ በጭነት ማኪና ወረድን። ማንጠግቦሽ ከደጅ ተቀበለችን፤ ዝቅ ብላ የእናናን ጉልበት ሳመች፣ ራሷ እግሯን አጠበቻት፣ ከፍ ካለው መደብ ላይ አስቀመጠቻት፣ ከሁሉ አስቀድማ ለእሷ አቀረበች። ሰው ሁሉ «ልጅ ማለት እንዲህ ናት» አለ። ከክርስትናው ተመልሰን ስጦታው መሰጠት ሲጀምር እናና ጥቅሏን ፈታ ቀሚሱን አወጣች። ሴቶቹ እልል አሉ። እትዬ የኋላሸት «እግዚኦ! ይኼ እጅ ነው ወይስ መልአክ የሠራው?» አሉ።

ማንጠግቦሽ ቀሚሱን ተቀበለች። ዘርግታ አየችው። ገለበጠችው። ከመስኮቱ ብርሃን ላይ አስጠግታ ስፌቱን አንድ በአንድ ተመለከተች። ከዚያ «ደሳለኝ፣ ምላጭህን አቀብለኝ» አለችው። ጨዋታ መስሎት እየሳቀ አቀበላት። በግራ እጇ ይዛ ከቅምቅማቱ ጀመረች።

«ምነው ልጄ? ምን ሆንሽ?» አሉ እትዬ የኋላሸት።

«ስፌቱ ዘሟል» አለች፤ ድምፅዋ የተረጋጋ ነው። «እናና እንደገና ትሰፋልኛለች።»

የሚስቁ ነበሩ፤ ሳቃቸው ቆመ። ሐሩ ክር በክር እየተመዘዘ ጭኗ ላይ ይወድቃል፤ ሕፃኗ ጎኗ ላይ ተኝታለች። እትዬ የኋላሸት ሊነጥቋት ሲነሡ እናና «ተዉአት፣ ይተዉአት እንጂ» አለቻቸው። እናናም እስከ መጨረሻው አየች። ማንጠግቦሽ ጨርሳ ቅዳጁን አጣጥፋ በእጇ ላይ አስቀመጠችላትና «ወጥ ልጨምርልሽ?» አለቻት። «ጨምሪልኝ» አለች እናና። በላችም። ሳህኑን ጨረሰችው።

ስንመለስ ማኪናው ላይ ከእህል ጆንያ ጋር ተቀመጥን። አቧራው ፊቷ ላይ ተለጥፎ አመድ መስላለች። የአዘዞ ዛፎች ከሩቅ መታየት ሲጀምሩ ወደኔ ዞረች። ፈገግ ብላ ነበር። «አየሻት ስትፈታው?» አለችኝ። «ያን ቀጭን ሐር ስትመዝ ጨርቁን አንዴ እንኳ አልወጋችውም። እንዲህ ያለ እጅ እድሜዬን ሙሉ አላስተማርኩም።» ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች፤ ቤት እስክንደርስ አልገለጠችውም። «ይኼን ለእሷ እንዳትነግሪ» አለችኝ ስንወርድ። «ምነው እናና?» ብላት «የኔ ነው» አለች። ከዚያ ወዲያ መርፌ በእጇ አልያዘችም። በረንዳው ባዶ ሆነ። ልጃገረዶቹ ጥቂት ጊዜ ይመላለሱና «ዛሬም አይችሉም?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ከዚያ እነሱም ቀሩ።

እናና ስትሞት ማንጠግቦሽ መጣች። ያን ቀን ከተማው ደመና ውሎበት ነበር። አስለቃሿ ስለ እናና እጅ፣ ስለ ጥልፏ፣ ስላስዳረቻቸው ሙሽሮች ስታወርድ ያላለቀሰ የለም፤ በዚያ በረንዳ የተማሩት ሁሉ ልጆቻቸውን አዝለው መጥተው ደረታቸውን ይደቁ ነበር። ማንጠግቦሽ ደረቅ ዓይኗን ይዛ ቆመች። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከቀብር ስንመለስ ጓዳ አስገባኋትና ነገርኳት። ለሞተች ሰው ምስጢሯ ምን ያደርግላታል፣ እህቴን ግን ያሳርፋት ይሆናል ብዬ ነው። የማኪናውን መንገድ፣ ፈገግታዋን፣ ቃሉን እንዳለ ነገርኳት።

«ድገሚልኝ» አለችኝ። ደገምኩላት።

«ፈገግ ብላ?»

«አዎ። ፈገግ ብላ።»

ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። «እንግዲህ እኔ አሁን ይኼን ምን ላድርገው?» አለችኝ። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣችና ድንኳኑ ውስጥ ለሰው ንፍሮ ማደል ጀመረች። ሣልስቱን ሳትጠብቅ በከሰዓቱ ማኪና ቆላ ድባ ወረደች።

ለአርባዋ አልመጣችም። ደሳለኝ ብቻውን ጤፍ ጭኖ መጣ። ከስቷል፤ ጫማው እንኳ በሥርዓት አልታሰረም። ደጅ ላይ ቆሞ፣ ግባ ብለው አልገባ አለ።

«ከለቅሶው ከመጣች ወዲህ ታለቅሳለች» አለኝ። «ወጥ ስታማስል ታለቅሳለች፣ ልጅቱን ስታጥብ ታለቅሳለች፣ እኔ ሳናግራት ታለቅሳለች። እናቴም ፈርታለች። ስትሄድ ደኅና ነበረች። ምን ብላችሁ ነው የመለሳችሁብኝ?»

እናቷ ታደንቃት እንደነበረ ነገርኳት ልለው አፌን ከፈትኩ።

«ምንም አላልናትም» አልኩትና ጤፉን የሚያወርዱ ሰዎች ልጠራ ወደ ቤት ገባሁ።